የለሚ ጉርድ ፎቶ

ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ከየት እንደምጀምር ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል። ከኮምፒውተሩ ከጀመርኩ ስለ ዕቃ የማወራ ይመስላል። ከሰውየው ከጀመርኩ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጋ ሳልደርስ እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ በጽሑፍ ስለሆነ ከራሴ ልጀምር።

በ2008 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ» ብዬ በእጄ የጻፍኩት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰው ቤት ተቀጥሬ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ፣ ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ቁጭ እልና ይህን ብነካው ምን ይሆናል፣ ያንን ብነካውስ እያልኩ ነው የለመድኩት። ሰፈሩ «ኢንጂነር ሰናይት» ይለኝ ነበር፣ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ። እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የምቀበለው። አንድ ነገር ግን አይወጣኝም ነበር፦ «አላውቅም» የሚለው ቃል። የምትኖረው በዕውቀቷ እንጂ በወረቀቷ አይደለም ከተባለች ሴት አፍ ይህ ቃል ከወጣ ያበቃላት ይመስለኝ ነበር።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ማራገቢያው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። የሸጡልኝ ጋሽ ኸይሩ ናቸው። ዓለም ገና፣ የሰበታ መንገድ ላይ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚነግዱ፣ አፋቸው ስለታም፣ ልባቸው ግን ሩኅሩኅ የሆነ ሰው። ዕቃው አንድ በሽታ ነበረበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ሲበራ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል። እኔም ሁልጊዜ በእጄ አስተካክልለታለሁ።

ያ ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ነበር። አስፋልቱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋና ጸጥ ይላል። ስልክ ይሠራል፤ የሞባይል ዳታ ግን የለም። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ደንበኛ ስላልመጣ እጄ ሥራ ፈታ። ጋሽ ኸይሩ ከወር በፊት አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዲቪዲ ሰጥተውኝ ነበር። «ፋይልሽን ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ እንዳትነኪው» ብለውኛል። የምገለብጥበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ፍላሽ ተውሼ ቀስ በቀስ መገልበጥ እችል ነበር። ሰነፍኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩት። መቶኛው ቀስ እያለ ሲወጣ ደስ ብሎኝ እያየሁ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው ተመለሰ። ኮምፒውተሩም ተነሣ፤ እንደ ልማዴ ቀኑን አስተካከልኩለትና አስቀጠልኩት። ጥቂት እንደሄደ ፋይሉን ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል ጽሑፍ አወጣና ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ አወጣ፤ ደግሞ ጠፍቶ ተነሣ። አዲሱ ሲስተም አልገባ፣ አሮጌው አልመለስ አለ። መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው።

ኦቦ ጉዲና ነበሩ። ከገፈርሳ በስተጀርባ የሚያርሱ፣ ማመልከቻቸውን ሁሉ እኔ ጋ የሚያስጽፉ ሽማግሌ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ከብት ለሌለኝ ለእኔ እንኳ የከብቶቼን ደኅንነት ሳይጠይቁ አይቀመጡም። ያን ቀን ግን «አካም ጅርቱ» ስላቸው መልሱን ሳይጨርሱት ቀሩ።

«ለሚን ፎቶ አንስተሽው የለ?» አሉኝ።

«የእርስዎን ለሚ? እንዴ፣ ኅዳር ላይ ለመንጃ ፈቃድ! ምነው፣ ጠፋበት?»

«ፎቶው አይደለም የጠፋው» አሉ። «ራሱ ነው። ዛሬ አራተኛ ቀኑ።»

በሬ ሊዋስ ወጥቶ ነው የቀረው። ግርግሩ መሃል ያየው አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ስልኩ አይነሣም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ስንት ለሚ አለ፣ ፎቶ ይዘው ይምጡ አሏቸው። ሆስፒታል ሄዱ፤ እዚያም ፎቶ። እቤት ያለው አንድ ፎቶ ለሚ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ የተነሳው ነው።

«እሱን አሳየኋቸው» አሉኝ። «ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጄ አሁን ከእኔ ይረዝማል።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የተያዙት ሱሉልታ ናቸው ይባላል። ነገ ጠዋት ወደ ሩቅ ይወስዷቸዋል አሉ። ሳይመሽ በእግሬ ከወጣሁ እኅቴ ጋ አድሬ ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ እደርሳለሁ። ባዶ እጄን ግን ምን ብዬ?»

የለሚ ፎቶ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌላ የትም የለም። ካሜራዬ ላይ ያለውን ወዲያው ነው የማጠፋው። በዚያ ሰፈር ሌላ ኮምፒውተር ቢኖር የቢሮ ነው፣ ቢሮው ደግሞ ተዘግቷል።

ይህን ሁሉ ለእሳቸው መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «አሁኑኑ አወጣልዎታለሁ፣ ይቀመጡ።» ወንበሩንም ስክሪኑ እንዳይታያቸው አድርጌ አዞርኩት።

ደጅ ወጥቼ ጋሽ ኸይሩ ጋ ደወልኩ።

«አለሽ እንዴ አንቺ!» አሉ። «እኛ ጋ መንገዱ ጥርቅም ብሏል፤ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አቧራ እቆጥራለሁ።»

ነገሩን ነገርኳቸው።

«ገልብጠሽዋል ፋይሉን?»

«ፍላሽ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አልገለበጥሽም። ማሻ አላህ! ኢንጂነር ማለት እንዲህ ነው።»

«ጋሽ ኸይሩ፣ ስድቡን በኋላ። የሰው ልጅ አለበት።» ስለ ለሚ ስነግራቸው ቀልዱ ከድምፃቸው ጠፋ።

«በይ ግቢና ፊቱ ተቀመጪ። መጀመሪያ ቀኑን ተመልክተሻል? ቀኑ ከተበላሸ ያብዳል።»

«ትክክል ነው። መብራት ሲመጣ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቀን ማስተካከልም ሊያስተምሩኝ ነው?»

«እሺ፣ እሺ። አፉ በይኝ ኢንጂነር።»

ይህችን መልሴን እስከ ዛሬ እረግማታለሁ። ሦስት ሰዓት ነው የበላችብኝ።

የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈትኩት። የሜሞሪውን ካርዶች ነቅዬ ጫፋቸውን በላጲስ ፈገፈግኩ፤ ኬብሎቹን ነቅዬ ሰካሁ። አልሆነም። ዲቪዲውን አስገብቼ ጠግን የሚለውን አዘዝኩት። መጠገን አልቻልኩም አለኝ። የስልኩ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ጋሽ ኸይሩ አንድ ነገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ይጠፋል፣ ሲመለስ ሌላ ነገር ላይ ናቸው። ከዚያ የሶላት ሰዓት ደረሰ።

«ሰግጄ እደውላለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትነኪ። በተለይ ፎርማት የሚለውን! እሱን ከነካሽ ልጁ የለም።»

ብቻዬን ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ ያ ምርጫ ቆሟል። አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተር ባስቸገረኝ ቁጥር የማውቀው መድኃኒት ፎርማት ብቻ ነበር፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር። ስንት ሰው ኮምፒውተር እንዲያ «ጠግኜ» ተመስግኛለሁ። አንድ ጊዜ ብጫነው ማሽኑ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጣቴ እዚያው ላይ ቆመ። ማሽኑ ተነሥቶ ልጁ ሲጠፋ ምን እላቸዋለሁ? ሳይጠይቁኝ «ተበላሽቶ ነበር» ብል ያምኑኛል። ሳያውቁብኝ መውጣት እችላለሁ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን መጥቶልኛል።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ጉዲና ከኋላዬ። ልጄ ማለታቸው ነው። ለካ ተነሥተው ቆመው ያዩኝ ነበር። «ጣትሽ አንድ ቦታ ቆሟል። ልጁ እዚያ ውስጥ የለም?»

«አለ። ማለቴ… ነበረ። ኦቦ ጉዲና፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዛሬ ጠዋት፣ አንቱ ሳይመጡ። እንዴት እንደማወጣው አላውቅም።»

ወጣ። በሕይወቴ ሥራ ለሚያሠራኝ ሰው ያን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔም አላውቅም» አሉ ረጋ ብለው። «ሁለታችንም ካላወቅን የሚያውቀውን ሰውዬ ጥሪዋ። አሁን የነገርሽኝን ለእሱም ንገሪው። እስካሁን ስታወሪው እሰማሽ ነበር፣ አንቺው መምህሩ ትመስይ ነበር።»

ደወልኩ። ጋሽ ኸይሩ ሰግደው ተነሥተዋል።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ከአንድ እንጀምር። ኮምፒውተር አይታ እንደማታውቅ ሴት ይቁጠሩኝ።»

«እንዲህ ብለሽ ጠዋት ብትደውዪ ኖሮ… በይ፣ አጥፍተሽ አስነሺው። ሲስተሙ ሳይነሣ ከሥር ያለውን የማሽኑን ማስተካከያ ክፈቺ። ያየሽውን ሁሉ አንብቢልኝ፤ ይህ አያስፈልግም ብለሽ አንዲት ፊደል እንዳትዘልዪብኝ።»

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የማሽኑን ስም፣ የሜሞሪውን መጠን፣ ሰዓቱን። «ዓመት፣ ሁለት ሺህ ስምንት» ብዬ ወደሚቀጥለው ስሄድ አስቆሙኝ።

«ስንት አልሽ?»

«ሁለት ሺህ ስምንት።»

«ዓመቱን ነው የምልሽ።»

«ዓመቱን ነዋ! ዘንድሮ ስንት ነው ታዲያ?»

ከዚያ «ያ አላህ» ሲሉ ሰማኋቸው። «በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሽለት! አንቺ ሴትዮ፣ ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። በእነሱ ዘንድሮ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። ያ ዲቪዲ የተሠራው ዘንድሮ፤ ማሽንሽ ደግሞ ገና ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቆሟል። ማኅተሙ ገና ወደፊት የሚመታ ደብዳቤ ቢያመጡልሽ ትቀበያለሽ? እሱም አልቀበልም እያለ ነው።»

ያን ማሽን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር የግድግዳዬን ካላንደር እያየሁ፣ ታኅሣሡን ለታኅሣሥ፣ ዓመቱን ለዓመቱ አድርጌ ስሞላለት ኖሬያለሁ። ማሽኑ ሲነሣ ይዞት የሚመጣው የተሳሳተ ዓመት ነው፤ እኔም በሌላ የተሳሳተ ዓመት አርሜው ሥራዬን አሳምሬ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ኢንተርኔት እምቢ ሲለኝ ስንት ጊዜ ኔትወርኩን ተሳድቤያለሁ! ጋሽ ኸይሩ ጠዋት ቀኑን ሲጠይቁኝ አልዋሸኋቸውም። ግን አልነገርኳቸውም።

የፈረንጁን ቀንና ወር እሳቸው ነገሩኝ፤ እኔ ሞላሁት። አስነሣሁት።

መቶኛው መቁጠር ጀመረ። ኦቦ ጉዲና ስክሪኑ ፊት ቆመው አልቀመጥም አሉ። ደጅ የጥይት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ሁለታችንም ያየነው በሩን አይደለም፣ አምፖሉን ነው። አምፖሉ ተርገብግቦ ቆመ። ሰማንያ። ዘጠና። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ፤ ይህን ጊዜ ያ ጽሑፍ አልመጣም። እንኳን ደኅና መጡ አለን።

ሲከፈት ግን የስክሪኑ ገጽ ባዶ ነበር። ጠዋት ያ ሁሉ ማኅደር የተደረደረበት ገጽ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻ።

«የለም» አልኩ በስልኩ። «ጋሽ ኸይሩ፣ ሁሉም የለም።»

«ትንፋሽሽን ሰብስቢ። አዲስ ሰው መስለሽው በአዲስ ስም ነው ያስገባሽ። የድሮው ስምሽ ያለበትን ክፍል ፈልጊ። ዲስኩን ክፈቺ… ተጠቃሚዎች የሚለውን… ስምሽ አለ?»

አለ። ከፈትኩት። ፎቶዎቹ ነበሩ።

ግን ስም የላቸውም። ፎቶ አንስቼ ካሜራው በሰጣቸው ቁጥር ነበር የማስቀምጣቸው። በቀን ልደረድራቸው ብል ቀኑን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ማለፍ ጀመርን። ፊት ይመጣል፣ ይሄዳል። ኦቦ ጉዲና ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ይሉታል፦ «ይቺ የወፍጮ ቤቱ ልጅ… ይሄ ከእኔ ቤት በላይ ያለው… ይቺ ተድራ ሄደች…» እኔ በየቀኑ የማያቸው ፊቶች ለእኔ ነጭ ጀርባና የትከሻ ልክ ነበሩ። አንድ ወጣት ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄ ከትናንት ወዲያ ተቀበረ» አሉ። ፎቶው ላይ ቆምኩ። «እለፊው» አሉኝ፣ «እናቱ ስትመጣ ታገኚዋለሽ።»

ለሚ የመጣው ከብዙ ፊት በኋላ ነው። ለደንበኛ የማውሰውን ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። አትሳቅ ብዬው ስለነበር ከንፈሩን ገጥሟል።

አባቱ ስክሪኑን በጣታቸው ጫፍ ነኩት። «ሊስቅ ነው» አሉ።

«ስንት ላትምልዎት?»

«ስንት በር እንደማንኳኳ እኔ ምን አውቃለሁ?»

የፎቶ ወረቀቴ እስኪያልቅ አተምኩ። በእያንዳንዱ ጀርባ ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸውና በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ወደ ሱሉልታ በእግራቸው ወጡ።

በማግስቱ አንዲት እናት መጡ። ስማቸውን አላወጣም። «የኦቦ ጉዲናን ልጅ ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። የእሳቸውም ልጅ አልተመለሰም። ካቻምና እኔው ጋ ፎቶ ተነስቷል። እየሳቅሁ ተቀብያቸው ማሽኑ ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቦታ ለማስለቀቅ የቀድሞውን አጠፋ ነበር።

«የለም፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው።

እንደ ኦቦ ጉዲና አልታገሱኝም፤ ግድም አልነበረባቸውም። «ቦታ ያዘብሽ?» አሉኝ። «ልጄ ቦታ ያዘብሽ?» መጨረሻ ላይ «እንግዲያው ጻፊልኝ» አሉ። «መልኩን እነግርሻለሁ፤ አንቺ ጻፊ።» ግንባሩ ላይ ካለው ጠባሳ ጀመሩ። አሳጥሬ ልጽፍ ስል ያስቆሙኛል። ቅንድቡ፣ ሲናደድ የሚያደርገው፣ ቀኝ ጆሮው፣ ሲራመድ ትንሽ ወደ ግራ ማዘንበሉ። አንድ ሙሉ ገጽ ሞላ። አትሜ ሰጠኋቸው። አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ኦቦ ጉዲና የደወሉት በአራተኛው ቀን ነው። ሱሉልታ ስሙ አልነበረም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ወርደው ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞሩ። በአንዱ ክፍል ውስጥ ፊቱ እጅግ ያበጠ፣ መንጋጋው ተሰብሮ መናገር የማይችል፣ ቀኝ እጁ በፋሻ የታሰረ ስም የለሽ ሕመምተኛ ተኝቷል። አባቱ አልጋውን አልፈውት ሄዱ። ፎቶውን ተቀብላ የያዘችው ነርስ ናት ተመልሳ ቆማ ያየችው፤ ፎቶውን ወደ ፊቱ አስጠግታ፣ እንደገና አይታ፣ «አባባ፣ ይመለሱ እስቲ» አለቻቸው።

«እኔ አላወቅኩትም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ በስልኩ። «የገዛ ልጄን። ወረቀቱ ነው ያወቀው።»

ለሚ ዳነ። አገጩ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ጠንከር ያለ ነገር ማኘክ ይቸግረዋል፤ ግን አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ያ ሳምንት ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ የምነግራችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድም ፎቶ አላጠፋሁም። እያንዳንዱ ፎቶ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም ይዟል፤ ሁለት ቦታ ተገልብጦ ይቀመጣል። ሰው ሲጠይቀኝ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ ሥራዬም አልጠፋም፤ እንዲያውም ሰው ይበልጥ ያምነኛል። የሰውን ነገር በእጃችሁ የያዛችሁ ሁሉ፣ ፎቶ ይሁን ደብዳቤ፣ የራሳችሁ አይምሰላችሁ። መቼ ለማን ብቸኛው እንደሚሆን አታውቁም።

የእኚያ እናት ልጅ ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሱቄ አልመጡም፤ እኔም ቤታቸውን አላውቀውም። የጻፍነው ገጽ ግን ማሽኔ ላይ አለ። አንዳንድ ቀን፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ እከፍተውና ከግንባሩ ጠባሳ ጀምሬ እስከ አረማመዱ አነበዋለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ በደጄ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ፤ ትንሽ ወደ ግራ የሚያዘነብል ካለ።